ዘር የሚቆጥረው ኮምፒውተር

ኢየሩሳሌም ፈንታ የመጣችው ከምሳ በኋላ ነበር፤ መምህር ሥዩም ደግሞ ከምሳ በኋላ ሰው ሲመጣባቸው አይወዱም። ከጡረታ ያተረፍኩት ይህችን ሰዓት ብቻ ነው ይላሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢ ደርበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን የሚከድኑባትን። በሩ ሲንኳኳ ‹‹ማነው ደግሞ?›› አሉ፣ ‹‹ደግሞ›› የምትለዋን ጎተት አድርገው። የልጅቱን ድምፅ ሲሰሙ ግን ተነሡ። ቤቱ ተቀምጦ ‹‹የለም በሉ›› የሚያስብል ሽማግሌ መባል አልፈለጉም፤ በተለይ ይህችን ልጅ መልሰው ቢሰዷት እንቅልፉ ራሱ አይወስዳቸውም ነበር። ከወር በፊት የዚህችን ልጅ ሠርግ ያፈረሱት እሳቸው ናቸው።

እስቴም ይሁን ስማዳ፣ ጋይንትም ይሁን፣ ልጅ ከመታጨቱ በፊት ዘር ይቆጠራል። የልጁና የልጅቱ አያት ቅድመ አያት በእናትም በአባትም ወደ ላይ ይጠራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጋብቻው ይቀራል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ድሮ ይህን በቃላቸው የሚያወርዱ ሽማግሌዎች በየአጥቢያው ነበሩ። አሁን አልቀዋል። ልጆቻቸውን ‹‹ከቅድመ አያትህ በላይስ?›› ብትሏቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

መምህር ሥዩም መካነ ኢየሱስ ከተማ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቹን ሞት ሳይቀድመኝ ብለው አገር ለአገር ዞሩ። በእግር ዞሩ፣ በበቅሎ ዞሩ፣ ሲገኝም አይሱዙ ላይ ከጭነት ጋር ተጫኑ። የሰሙትን በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ሲበዛባቸው መልካሙ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ከባሕር ዳር ያገለገለ ኮምፒውተር አመጣላቸውና፣ ያኔም አሮጌ የነበረ የዳታቤዝ ፕሮግራም ጭኖ፣ ሰው እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚፈለግ አሳይቷቸው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ‹‹እስቲ መምህር ሥዩም ጋ አስቆጥሩ›› ይባባላል። እሳቸው ሁለት ስም ይጽፋሉ፣ ማሽኑ የሁለቱንም ትውልድ ጎን ለጎን ያወጣል፣ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ‹‹ይሆናል›› ወይም ‹‹አይሆንም›› ይላሉ። ለኢየሩሳሌምና ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ሱቅ ላለው እጮኛዋ ለተስፋሁን የወጣው ‹‹አይሆንም›› ነበር፤ ያስቆጠሩትም ዘግይተው፣ የጥር ሠርግ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

‹‹አባትሽስ?›› አሉ ወንበር እየሳቡላት።

‹‹ውጭ ነው፣ ጋሼ። አልገባም ብሏል።››

በመስኮቱ አዩ። አቶ ፈንታ ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። ከአውድማ ተነሥተው እንደመጡ ልብሳቸው ላይ የቀረው የገብስ እብቅ ይናገራል። ቀና ብለው ወደ ቤቱ አላዩም።

‹‹እንደገና እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት›› አለች ኢየሩሳሌም።

የመምህር ሥዩም ልብ ዛለ። የተከለከለ ሁሉ እንደገና ይታይልኝ ይላል፤ በልመና ደግሞ አያት አይለወጥም። ይህንኑ ለስለስ አድርገው ሊነግሯት ሲሰናዱ ቀደመቻቸው።

‹‹ላለቅስብዎት አልመጣሁም፣ ጋሼ፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ነው። ከተስፋሁን ጋር ዘመድ ከሆንን እንዴት ለቅሶ ሳንደራረስ ቀረን? አያቴ ስትሞት ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ እንኳ ሰው መጥቷል። ከስማዳ አንድ ሰው አልመጣም። እኛም ለለቅሶ ብለን ወደዚያ ሄደን አናውቅም። እንዲህ ያለ ዝምድና አለ?››

 በዚህ አገር ዘመድ ቢጣላም፣ በድንበር ቢካሰስም፣ ዓመት ሙሉ ሰላም ባይባባልም ለቅሶ ይደርሳል። ይህን ያህል ዓመት ትውልድ ሲቆጥሩ ኖረው ይህቺን ነገር ለመጠየቅ አለማሰባቸው መምህር ሥዩምን አበሳጫቸው።

‹‹ተስፋሁን እስከ ጥር እጠብቃለሁ ብሏል›› አለች፣ እጇን እያየች። ‹‹አባቱ ግን ሌላ ሊያጩለት ሰው ልከዋል። ጥር ደግሞ ደረሰ።››

‹‹እሺ። ነይ ወዲህ፣ ወንበርሽን አስጠጊ።››

ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ ለመነሣት የመምህር ሥዩምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። እስኪነሣ ድረስ ሁለቱም ጥቁሩን መስታወት ሲያዩ ቆዩ። ሲነሣ ሁለቱን ስሞች ጻፉ። እንዳለፈው ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ትውልዶች ጎን ለጎን ወረዱ፤ እንዳለፈው ጊዜም አምስተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ከሁለቱም ጋር ቆመ፤ ጓንጉል ተሰማ፣ ዋሻ ማርያም፣ እስቴ።

‹‹ይኸው›› አሉ። ‹‹ያንቺም አምስተኛ ጓንጉል ነው፣ የሱም።››

‹‹የኛ ጓንጉል የዋሻ ማርያም ሰው መሆኑንማ አውቃለሁ፤ መሬቱ እስከ ዛሬ እኛ ጋ ነው። የተስፋሁን አያቶች ግን ከስማዳ ወጥተው አያውቁም። ጎሽ ሜዳ ነው አገራቸው። እንዴት ብሎ የዋሻ ማርያም ሰው ይወልዳቸዋል?››

ጎሽ ሜዳ የሚለውን ሲሰሙ መምህር ሥዩም እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ጎሽ ሜዳን ያውቋታል። ዝናብ ይዟቸው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቤት የገቡባት ናት። ያን ቀን ጥርሳቸውን እያመማቸው፣ የቀረበላቸውን የሽምብራ ቆሎ አልበላም ማለት ነውር ሆኖባቸው አንዳንዷን በአንድ ጎን እያላመጡ ሲጽፉ ነበር። ሽማግሌው ‹‹ጓንጉል ተሰማ እዚችው ጎሽ ሜዳ ተወልዶ እዚችው ተቀበረ፤ መቃብሩን ላሳይህ›› ብለዋቸው ነበር፤ ዓይን ሳይኖራቸው። ይህን ሰው በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። በገዛ እጃቸውም ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብተውታል።

ፈለጉት። ‹‹ጓንጉል›› ብለው ጻፉና አስፈለጉ። ማሽኑ ያመጣላቸው አንድ ጓንጉል ተሰማ ብቻ ነው፤ እሱም የዋሻ ማርያሙ። የጎሽ ሜዳው የለም።

‹‹ወረቀቱ የለም፣ ጋሼ?››

‹‹ምስጥ በላው። ሽማግሌውም አርፈዋል።›› ግንባራቸውን አሹ። ‹‹ይህን ነገር የሆነ ቀን ነክቼዋለሁ እኔ። ክረምት ላይ አጸዳለሁ ብዬ…››

መልካሙ ሲሄድ የተናገረው ትዝ አላቸው። ከላይ የተደረደሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት በጣቱ እያሳየ ‹‹መምህር፣ ሌላውን እንደፈለጉ ይንኩ፤ ይቺን ‹ቱልስ› የምትባለውን ግን ሳይደውሉልኝ እንዳይነኳት፤ ዕቃ ቤት ናት›› ብሏቸው ነበር። ስልኩ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን አይሠራም። ክረምት ላይ አልሠራ ሲላቸው ሳይደውሉ ገቡ። ዛሬም አይሠራም።

‹ቱልስ›ን ጫኑት። ጥቂት ቃላት ወረዱ፤ ከሥራቸው ወደ ታች የሚያመለክቱ ሁለት ትንንሽ ቀስቶች አሉ። መምህር ሥዩም እነዚያን ቀስቶች ለዓመታት ጌጥ መስለዋቸው ኖረዋል። ኢየሩሳሌም ‹‹እሱን ይጫኑት›› አለቻቸው፤ ሲጫኑት ያልነበሩ ቃላት እየተገፋፉ ወጡ፤ ዝርዝሩ እስከ መስታወቱ ግርጌ ደረሰ። ‹‹አቤት!›› አሉ። ያለ ምሳ እንቅልፍ የዋለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲወርድበት የሚሰማውን ድካም የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከላይ ጀመሩ። ልጅቱ ኮሌጅ ስለተማረች እንግሊዝኛውን ታነባለች፤ እሳቸውም ያነባሉ፤ ችግሩ ቃሉን ማንበቡ ሳይሆን ቃሉ ምን እንደሚሠራ ነው። የመጀመሪያው የፊደል ግድፈት የሚያርም ነበር፤ አለፉት። ሌላው ሲከፈት ሣጥኖችን በመስመር አያይዞ ያሳያል፤ አዩት፣ ምንም የሚነግራቸው ነገር የለውም፣ ዘጉት። አንዱ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ ደንግጠው ወጡ። አንዱ ፕሮግራሙ ሲከፈት ምን እንደሚያሳይ የሚያዝ ነው። በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ሌላ መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ ሌላ ቁልፍ አለ። መምህር ሥዩም ‹ካንስል›፣ ተወው የሚለውን ቃል እንደ መቁጠሪያ እየደጋገሙ ይጫኑ ጀመር።

‹አናላይዝ› የሚለው ላይ ሲደርሱ ከጎኑ ሌላ ዝርዝር ተዘረጋ። የመጀመሪያው ‹ቴብል›፣ ሠንጠረዥ ይላል። እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

‹‹እዚህ ገብቻለሁ›› አሉ። ‹‹ይህችን መስኮት አውቃታለሁ።››

ጫኑት። የሚያረጋጋ ሥዕል ያለው መስኮት መጣ፤ ኢየሩሳሌም ዝግ እያለች አነበበችላቸው። ሠንጠረዥዎ ውስጥ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፎ ይሆናል፤ ላስተካክልልዎት እችላለሁ ይላል። ለመምህር ሥዩም ያ ክረምት ሙሉ ለሙሉ ፊታቸው ላይ መጣላቸው። አንድ ቅድመ አያት ከሱ የተወለደ ሁሉ ጋ እየተጻፈ መቶ ቦታ ተደጋግሞ አስቀይሟቸው ነበር። ይኼ መስኮት ሲመጣላቸው እግዜር የላከው መስሏቸው ‹ኔክስት›፣ ቀጥል አሉት። ማሽኑ ተደጋጋሚውን አወጣ። ኋላ ላይ ደግሞ የሚመሳሰሉ ሰዎችን እየደረደረ ‹‹እነዚህ አንድ ሰው ናቸው፤ ሲጻፉ ተሳስተው ነው፤ አንድ ላድርጋቸው?›› ዓይነት ነገር ጠየቃቸው። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የራሱን ግምት አስቀምጦላቸው ነበር። መጀመሪያ አንድ ሁለቱን መረመሩ። ልክ ነው። ቀጣዮቹንም አዩ፣ ልክ ነው። ዝርዝሩ ግን አያልቅም፤ ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ዓይናቸው ውኃ አዝሏል። የቀረውን ሳያነቡ ‹ኔክስት› አሉ። እንደገና ‹ኔክስት›።

‹‹ማሽኑ ምን ያውቃል›› አሉ አሁን፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ‹‹በኛ አገር ጓንጉል የሚባል፣ አባቱም ተሰማ የሚባል፣ አንዱ እስቴ አንዱ ስማዳ መኖር እንደሚችል በምን ያውቃል? አገሩን ተሳስቼ የጻፍኩት መሰለው። እኔ ነኝ ማወቅ የነበረብኝ።››

ኢየሩሳሌም ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሳበች፣ መልሳ አስተካከለች።

‹‹አንድ አደረጋቸው ማለት ነው›› አለች በመጨረሻ። ‹‹የተስፋሁንን ጓንጉል አጥፍቶ የኛን ሰጠው።››

‹‹እንደዚያ ይመስለኛል።››

‹‹ይመስለኛል አይበሉኝ፣ ጋሼ። ይመስለኛል ብዬ ለአባቴ ምን እነግረዋለሁ?››

እውነቷን ነው። የአንድ ሽማግሌ የቆሎ ትዝታ የፈረሰ ሠርግ አያቆምም። ያደረጉትን የሚመልስ ነገር ፍለጋ እንደገና ወደ ‹ቱልስ› ተመለሱ። ‹ዳታቤዝ ዩቲሊቲስ› በሚለው ውስጥ ‹ሪፔር› የሚል ቃል ሲያዩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።

‹‹ሪፔር መጠገን አይደል?››

‹‹ነው።››

ጫኑት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አጉረመረመና መብራት ጠፋ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መምህር ሥዩም ‹‹እሰይ!›› ብለው ወደ ጋቢያቸው ይመለሱ ነበር። አሁን ግን ጥቁሩ መስታወት ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠበቁ። በሥራ ላይ እያለ መብራት የጠፋበት ማሽን ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ አያውቁም፤ ምናልባት ዓመታት የዞሩበት ሁሉ እዚያው ቀርቶ ይሆናል። የሚገርመው ይህ ብዙም አላስፈራቸውም። ደክሟቸዋል። ጉልበታቸው፣ ዓይናቸው፣ በየሰው ቤት ገብተው ‹‹የማን ልጅ?›› ሲሉ የኖሩት አፋቸው ደክሟል። የፈሩት ይህች ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ጎሽ ሜዳን ለዘላለም እንዳያጡት ነው።

‹‹ከእኛ በኋላስ?›› አለቻቸው ኢየሩሳሌም። ‹‹ከክረምት ወዲህ ሌላም ሰው ከልክለዋል?››

‹‹እናንተን ብቻ። የፈቀድኩላቸው ግን አሉ። እነሱንም እንደገና ማየት አለብኝ።›› ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ማየቱ ብቻ አይደለም፤ ያልሆነ ነገር ከተገኘ ሄዶ መንገርም አለ።

መብራቱ የተመለሰው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ፕሮግራሙም ተነሣ። ምንም አልጠፋም፤ ምንም አልተጠገነምም። ጓንጉል አሁንም አንድ ነው። መምህር ሥዩም ‹‹በቃ›› ሊሉ ነበር፤ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር።

‹‹የመጨረሻዋን አልከፈትናትም›› አለች ኢየሩሳሌም። ከዝርዝሩ ግርጌ ‹ኦፕሽንስ› የምትል ቀርታለች።

‹‹እሷማ ቀለም መቀየሪያ ናት።››

‹‹ትሁን። እንየው።››

ከፈቷት። ብዙ ጆሮ ያላት መስኮት መጣች። የመጀመሪያዋ ጆሮ ላይ ‹ቪው› ተጽፏል፤ ከሥሯ ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚሉ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። አንዳንዶቹ ምልክት አላቸው። አንዷ ባዶ ናት። ልጅቱ ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች። ‹‹ይቺ የተደበቁ ነገሮች ነው የምትለው። የደበቁት ነገር አለ?››

መምህር ሥዩም ‹‹የለም›› ሊሉ ሲሉ ትዝ አላቸው። አለ እንጂ። ያኔ ማሽኑ አጽድቶ ሲጨርስ አሮጌውን ሠንጠረዥ አላጠፋውም ነበር፤ ስሙ ላይ ‹ኦልድ› የሚል ጭራ ቀጥሎ ከአዲሱ አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ሁለት ሆኖ ሲያዩት ‹‹ይምታታብኛል›› ብለው በቀኝ በኩል ጫን አድርገው ‹‹ተደበቅ›› አሉት። እሱም ታዛዥ ነው፣ ተደበቀ። ከዚያ ረሱት።

በባዶዋ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረጉና ‹ኦኬ› አሉ። ከሠንጠረዦቹ መሐል አንዱ ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ። ሲከፍቱት ማውሱ ሁለቴ አልጫን አላቸው፤ ኢየሩሳሌም በእጃቸው ላይ እጇን ደርባ ጫነችላቸው።

ጓንጉል ተሰማ፣ ዋሻ ማርያም፣ እስቴ። ጓንጉል ተሰማ፣ ጎሽ ሜዳ፣ ስማዳ። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ተጽፈዋል።

ማሽኑ እንዲቆጥርላቸው አልጠየቁትም። ልጅቱ ታነባለች፣ እሳቸው ጣታቸውን ያጥፋሉ፤ መጀመሪያ በአባት፣ ከዚያ በእናት፣ ከዚያ በእያንዳንዷ ሴት አያት በኩል እየሰነጠቁ። የዋሻ ማርያሙ ጓንጉል አባት ተሰማ ብሩ ነው። የጎሽ ሜዳው ተሰማ ይመር ነው። ሰባተኛው ቤት ድረስ ወጡ። በየትኛውም በኩል አልተገናኙም።

ኢየሩሳሌም አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልቅሼ ጨርሻለሁ ያለችው ውሸቷን ነበር።

መምህር ሥዩም መስኮቱን ከፍተው ‹‹አቶ ፈንታ! ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ!›› ብለው ተጣሩ። አቶ ፈንታ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ በትራቸውን ከበሩ ውጭ አቁመው ገቡ። ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከራሷ አንድ ነገር አልጨመረችም፤ የመምህሩን ጥፋትም አላጋነነችም። አቶ ፈንታ እየሰሙ ኮምፒውተሩን የሰው በሬ አዝመራው ውስጥ እንዳገኘ ሰው በቁጣ ያዩታል።

‹‹መምህር›› አሉ፣ ሲጨርሱ። ‹‹ባለፈው ዘመዱ ናት አሉን። ሠርጉን አፈረስን፤ ለድግሱ የተጠነሰሰው ሁሉ ባክኖ ቀረ። የሰው አፍ ‹ወንድሟን ልታገባ› እያለ ልጄን ከቤት እንዳትወጣ አደረጋት። ዛሬ ደግሞ አይደለችም ይሉኛል። ነገ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይህ ዕቃ ምን ሊለን ነው?››

‹‹ሁለቱም ጓንጉሎች እዚሁ አሉ፣ ይዩዋቸው…››

‹‹አላይም። የተስፋሁንን አባት ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነበር። ‹ልጅህ እንደገና ይታይልኝ ካለች ትጠይቅ፤ ማሽኑን ግን ተወው። መምህር ሥዩም በአንገቱ ካደረገው እኔም የጥርን የሠርግ ቀን አከብራለሁ› ብለውኛል። እኔም እንደሳቸው ነኝ። በአንገትዎ ያደርጉታል?››

የጥንቱ ዘር ቆጣሪ ቃሉን ሲሰጥ እንዲህ ነበር። ቆጥሮ ሲያበቃ ‹‹ብሳሳት ኃጢአቱ በአንገቴ›› ይላል፤ ዘመዳሞችን አጋብቶ ቢገኝ በንስሐ አባቱ ፊትም፣ ከዚያ በላይም ተጠያቂው እሱ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሲቆጥሩ ላብ የሚያጠምቃቸው። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ግን ይህን ቃል ከመምህር ሥዩም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሰው መስታወቱን አይቶ ‹‹ማሽኑ እንዲህ አለ›› ብሎ ይሄዳል። እሳቸውም ስላልተጠየቁ ደስ ብሏቸው ነበር የኖሩት፤ ሸክሙን ያወረደለት ማን እንደሆነ የማይጠይቅ ሰው ደስ እንደሚለው።

ሠንጠረዡን እንደገና አዩት። እያንዳንዱ ስም ከአንድ ደካማ ሽማግሌ አፍ የወጣ ነው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ ሌላው የወንድሙን ልጅ ከራሱ ልጅ ይቀላቅላል። እሳቸውም ጥርሳቸው እያመማቸው፣ እግራቸው እያበጠ ነው የጻፉት። ሁሉም ልክ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ጓንጉልን ሲጠሩት ድምፃቸው አልተጠራጠረም ነበር፤ ስማዳና ዋሻ ማርያምም ለቅሶ ተደራርሰው አያውቁም። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማለች።

‹‹በአንገቴ›› አሉ። ‹‹እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ወገዳም ድረስ ሄጄ ለአባቱ እነግራቸዋለሁ። ሰባት ቤት አልፏል። ብሳሳት ኃጢአቱ በአንገቴ ነው።››

አቶ ፈንታ ፊታቸው ላላ፤ ትከሻቸውም ወረደ። ‹‹እግዜር ይስጥልን›› አሉ። በትራቸውን ለማንሣት ወደ በሩ ዞሩ፤ ዞረው ሳለ አንድ ነገር ያዛቸውና ቆሙ።

‹‹ያኔስ፣ መምህር? ‹አይሆንም› ሲሉን፣ እሱም በአንገትዎ ነበር?››

መምህር ሥዩም ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ መዋሸት ግን ጉልበት ይጠይቃል።

‹‹አልነበረም።››

አቶ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹እኛም አልጠየቅንዎትም›› አሉ፣ ጥፋቱን ለሁለት እንደ መክፈል አድርገው፣ ወጡም።

ኢየሩሳሌም ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ›› አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

‹‹እኔ ጠይቄዎት ነበር›› አለች። ‹‹ያን ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሼ፣ ‹እርስዎስ ምን ይላሉ?› ብዬዎት ነበር። ‹እኔ ምን እላለሁ ልጄ፣ ያለው እሱ ነው› አሉኝ፣ ኮምፒውተሩን እያሳዩ።››

አልተቆጣችም። እንዲያውቁት ያህል ብቻ ነግራቸው አባቷን ተከተለች።

መምህር ሥዩም ከወንበራቸው አልተነሡም። ያን ቀን የመጡትን ሽማግሌዎች አስታወሱ፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ አቶ ፈንታ ሳይናገሩ መውጣታቸውን ሁሉ አስታወሱ። ልጅቱ ተመልሳ መምጣቷን ግን ቢያስቡት፣ ቢያስቡት፣ ሊያስታውሱት አልቻሉም።